የዕቅድ ውይይት፦ ከጡት እብጠት እስከ ፓቶሎጂ ውጤት

ጸሐፊ
እንደምን ዋላችሁ። የየካ አባዶ እድሮች የሴቶች ክፍል ስለ ጡት ካንሰር ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት የሚያቀርበው የጋራ ሐሳብ ረቂቁ ተከፍቷል። እስካሁን የገባው በጥቅምት የአንድ ቀን የግንዛቤ መድረክ፣ በራሪ ወረቀትና ቲሸርት ነው። የሚጨመርና የሚቀነስ ካለ ጻፉ።

ነርስ
ቲሸርቱ ይውጣ፣ ገንዘቡ ለመመላለሻ ይሁን። ወረቀቱ ላይም «እብጠት» ማለት ብቻ አይበቃም። መጀመሪያ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ብዙ እናቶች «ካላመመኝ ምን አለበት» ብለው የሚቆዩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ከላይ በትልቁ «ባያምም ይታይ» ይጻፍ። ከሥሩ የቆዳ መሰርጎድ ወይም የብርቱካን ልጣጭ መምሰል፣ ድሮ ያልነበረ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ሳይጨመቅ ከአንዱ ጡት የሚወጣ ደም የቀላቀለ ፈሳሽ፣ ጫፉ ላይ በቅባት አልድን ያለ ቁስል፣ በብብት ሥር የማይጠፋ ንፍፊት ይግባ። ጥቂት ቢሆኑም ወንዶችንም ይይዛል፤ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ይነገር።

የምታጠባ እናት ጉዳይ የራሱ አንቀጽ ይኑረው። ጡቷ ሲቀላና ሲያብጥ «ምች ነው» ወይም «ወተት ቋጥሮባት ነው» ይባላል፤ ብዙ ጊዜም ካንሰር አይደለም። ነገር ግን አንቲባዮቲኩን በትክክል ወስዳ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ካልተሻላት፣ መድኃኒት እየቀያየሩ ማቆየት አደጋ ነው። ኢንፌክሽን መስሎ የሚመጣ የጡት ካንሰር አለ፤ በእጅ የሚዳሰስ እብጠት ላይኖረው ይችላል። ወደ አልትራሳውንድና ናሙና (ከጡቷ ለምርመራ የሚወሰድ ሥጋ) ትላክ። ማጥባቷ ሁለቱንም አይከለክልም።

ሰብሳቢ
ሲስተር፣ በየወሩ ራስን መመርመርን ለምን ዘለልሽው?

ነርስ
እትዬ፣ በየወሩ በሥርዓት መዳሰስ ብቻውን ሞትን እንደሚቀንስ በጥናት አልታየም። የራስን ጡት ለይቶ ማወቅ ግን ይጠቅማል፤ ለውጥ ያየች ሴት ጤና ጣቢያ መጥታ በባለሙያ እጅ ትታይ። ከ30 ዓመት በታች ላለች በአልትራሳውንድ ይጀመራል፣ ከ40 በላይ ለሆነች ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ይጨመራል። ካንሰር መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ናሙናው ነው።

የላብራቶሪ ባለሙያ
እኔም የምለው ስለ ናሙናው ነው። እብጠቱ ተቆርጦ ወጥቶ ወደ ፓቶሎጂ (ሥጋው በማይክሮስኮፕ ወደሚታይበት ክፍል) ሳይላክ ከተጣለ ምርመራው እዚያው ሞተ ማለት ነው። በረቂቁ «የወጣ ሥጋ ሁሉ ይላክ» የሚል ይግባ። አላላኩም ይጻፍ፤ ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፣ የፎርማሊኑ መጠን የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን። ከገበያ የሚገዛው ያልተበረዘ ፎርማሊን 1 እጅ ከሆነ 9 እጅ በፈር (አሲድነቱን የሚያስተካክል ፈሳሽ) ይጨመርበታል። በውኃ ወይም በግሉኮስ ብቻ የተላከ ሥጋ ይበሰብሳል። አፈ ጠባብ ጠርሙስም አይሆንም፤ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ ይጠነክርና አልወጣም ይላል። ስም፣ ዕድሜ፣ ቀኝ ወይም ግራ የሚለው በክዳኑ ላይ ሳይሆን በዕቃው ገላ ላይ ይጻፍ፣ ክዳን ይቀያየራላ።

የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ (ካንሰሩ በሆርሞን መድኃኒት ይታከም እንደሆነ የሚለየው) እንዲሠራ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ የሚቆየው ከ6 እስከ 72 ሰዓት ነው። ስለዚህ ዓርብ ከሰዓት የተወሰደ ናሙና እስከ ማክሰኞ ከተቀመጠ ያልፍበታል። የተወሰደበት ሰዓት «ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ በኢትዮጵያ» ተብሎ ይጻፍ፤ ያለዚያ የ6 ሰዓት ስህተት ይገባል።

ገንዘብ ያዥ
ውጤቱንስ ማን ይከታተላል? ወረቀቱ ወጥቶ ታካሚዋ ሳትወስደው የሚቀርበት አለ። ከዚህ እስከ ጥቁር አንበሳ ለመመላለስ የቀን ሥራ የሚቀርባት ሴት ሦስተኛ ቀጠሮ ላይ ትቀራለች። የቲሸርቱን ገንዘብ ለታክሲ ማድረጉን እኔም እደግፋለሁ፤ ሪፈር ወረቀቷን ስታሳይ ይከፈላት።

ነርስ
ጋሼ፣ መልካም ብለዋል። ጤና ጣቢያው አራት ዓምድ ያለው መዝገብ ይያዝ፦ የመጀመሪያ ጉብኝት፣ አልትራሳውንድ፣ ናሙና፣ ውጤት። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 (በፈረንጆቹ) ባወጣው ማዕቀፍ ከመጀመሪያ ጉብኝት እስከ ምርመራ ማጠናቀቂያ ከ60 ቀን አይለፍ ይላል። በ21ኛው ቀን ናሙና ካልተወሰደ ጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቷ ትሂድ።

ሰብሳቢ
ቤቷ ስትሄድ ጎረቤት ፊት «ካንሰር» አትበል፣ «ቀጠሮሽ አለፈ» ብቻ ትበል። ይህም ይጻፍልኝ።

ጸሐፊ
ገብቷል። ቲሸርት ወጥቷል፤ መመላለሻ፣ አፈ ሰፊ ዕቃ፣ መዝገብ እና የ21 ቀን ጉብኝት ተተክተዋል። የዕቃውን ብዛት የላብራቶሪ ባለሙያችን እስከ ሐሙስ ይንገሩኝ፤ ዓርብ ለወረዳው አስገባለሁ።