የማዝቀጫ ገንዳችን ፍሎክ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥልቀቱን እንጨምር ወይስ በአየር እናንሳፍፍ?

ጠያቂ፦
ከግድብ ሐይቅ የሚሳብ ውሃ በሚያጣራ አነስተኛ ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። የማዝቀጫ ገንዳችን 10 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ሲሆን በሰዓት 80 ሜትር ኩብ ውሃ ያስተናግዳል፤ የምንጨምረው ኬሚካል አልሙኒየም ሰልፌት ነው። ውሃው ጭቃማ በሚሆንበት ወቅት ገንዳው በደንብ ይሠራል። ዝናቡ ቆሞ ውሃው አረንጓዴ መልክ ከያዘ በኋላ ግን፣ ጠዋት ሲዘቅጥ የነበረው ፍሎክ (ኬሚካሉ ያያያዘው የቅንጣቶች ስብስብ) ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ከመፍሰሻው ጠርዝ አልፎ ወደ አሸዋ ማጣሪያዎቹ ይገባል። በቀን አንድ ጊዜ እናጥባቸው የነበሩትን ማጣሪያዎች አሁን በየ8 ሰዓቱ እያጠብን ነው። ኃላፊዎቻችን የገንዳውን ጥልቀት ወደ 4 ሜትር ለማሳደግ አስበዋል፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በተሟሟ አየር ማንሳፈፍ ይሻላል ይላል። ልምድ ያላችሁ ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ በጣም አመሰግናለሁ።

መላሽ፣ የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ፦
ጥልቀቱን ለመጨመር ገንዘብ እንዳያወጡ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድ ገንዳ ምን ያህል ቅንጣት እንደሚይዝ በዋናነት የሚወስነው የገጹ ስፋት እንጂ ጥልቀቱ አይደለም፤ ይህን አለን ሄዘን በ1904 አሳይቷል። የእርስዎ ገንዳ ገጽ 40 ካሬ ሜትር ስለሆነ፣ 80 ሜትር ኩብ ለ40 ሲካፈል በሰዓት 2 ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 0.56 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ ፍጥነት በታች የሚሰምጥ ቅንጣት በከፊል ያመልጣል። ጥልቀቱን 4 ሜትር ቢያደርጉት ውሃው በገንዳው የሚቆይበት ጊዜ ከ1 ሰዓት ተኩል ወደ 2 ሰዓት ያድጋል፤ ነገር ግን ቅንጣቱ እስከ ወለሉ የሚጓዘው መንገድም በዚያው ልክ ስለሚረዝም ትርፉ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሁለተኛው ነጥብ የቅንጣቱ ዓይነት ነው። የመስመጥ ፍጥነት ከቅንጣቱ ስፋት ካሬ ጋርና ቅንጣቱ ከውሃ በሚበልጥበት እፍግታ ልክ ያድጋል። ስፋቱ 0.1 ሚሊ ሜትር የሆነ አሸዋ በሰከንድ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሰምጥ፣ በ100 እጥፍ የሚያንሰው ቅንጣት አንድ ሜትር ለመውረድ 13 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ፍሎክ የምንሠራው ለዚህ ነው፤ ትንንሾቹን አያይዘን እናሳድጋቸዋለን። ጭቃ የያዘ ፍሎክ ከባድ ነው። አልጌ የያዘው ግን ከውሃ እፍግታ ብዙም የማይለይ ሲሆን፣ ሳይኖባክቴሪያ (ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ የሚባለው) ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ዝርያ በሴሉ ውስጥ ጋዝ ስለሚይዝ በራሱ ይንሳፈፋል።

ከሰዓት በኋላ መባባሱ ብዙ ይናገራል። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግቡን ሲሠራ ኦክስጅን ስለሚያወጣ፣ ውሃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ኦክስጅኑ በፍሎኩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ሆኖ ይለጠፋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚወስድም ፒኤች ይጨምራል፤ አልሙኒየም ሰልፌት ግን በደንብ የሚሠራው ከ6 እስከ 7.5 ባለው ፒኤች አካባቢ ነው። እባክዎ ፒኤችና የተሟሟ ኦክስጅን ጠዋት 1 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይለኩና ይመለሱ።

መላሽ፣ የጣቢያ ኦፕሬተር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ዝቃጩ ከገንዳው ወለል ሳይወጣ ብዙ ቀን ከቆየ ይበሰብስና የሚፈጠረው ጋዝ ያነሣዋል። ይህ ከሆነ የሚወጣው ጥቁርና የሚሸት፣ በትልልቅ ቁራጭ ከሥር የሚነሣ ነው። እርስዎ ጋ የሚታየው ቀለል ያለና አረንጓዴ ከሆነ ግን የተባለው ትክክል ይመስለኛል።

ጠያቂ፦
ለካሁ። ፒኤች ጠዋት 7.7፣ ከሰዓት በኋላ 9.2 ሆኗል፤ ኦክስጅኑም ከሰዓት በኋላ ከሙሌት መጠኑ በብዙ ይበልጣል። ዝቃጩን ካስወጣን ገና ሁለት ቀን ነው፤ የሚንሳፈፈውም አረንጓዴና ሽታ የሌለው ነው። በ9 ሰዓት በተቀዳ ውሃ የማሰሮ ሙከራ (ኬሚካሉን በትንሽ ዕቃ ውሃ ላይ መሞከር) ስሠራ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ ላይ ላይ የቀረው ከዘቀጠው ይበልጥ ነበር። በአየር ማንሳፈፍ ለእኛ ምን ያህል ቦታና ኃይል ይጠይቃል?

መላሽ፣ የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ፦
እንግዲህ ፍሎኩ መውጣት የሚፈልግ ከሆነ እንዲወጣ መርዳት ነው። ከተጣራው ውሃ 10 በመቶ ያህል፣ በእርስዎ ሁኔታ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ፣ ተመልሶ ወደ ግፊት ታንክ ይገባና በ5 ባር ገደማ አየር ይሟሟበታል። በልዩ አፍንጫ በኩል ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ አየሩ ከ10 እስከ 100 ማይክሮ ሜትር ስፋት ያለው አረፋ ሆኖ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል፤ አረፋዎቹም በፍሎኩ ላይ እየተጣበቁ ወደ ገጹ ያነሡታል። እዚህ የሚፈለገው ፍሎክ ትንሽ፣ በአሥሮች ማይክሮ ሜትር የሚቆጠር ስለሆነ ለማዝቀጥ እንደሚደረገው ረጅም ዝግተኛ ማማሰል አያስፈልገውም።

በሰዓት 8 ሜትር ጭነት (ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ገጽ በሰዓት 8 ሜትር ኩብ ውሃ) ብንይዝ 10 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ ይህም ካለዎት ገንዳ ሩቡ ነው። የመመለሻው ፓምፕ 2 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል፤ የኮምፕሬሰሩ ለብቻው ይታሰባል። ከገጹ የሚጠረገው ዝቃጭ ከወለል ከሚወጣው ይልቅ ውሃው ያነሰ ስለሆነ ለማድረቅም ይቀላል።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። አልጌውን ለመግደል ብላችሁ ከማዝቀጫው በፊት ክሎሪን ወይም የመዳብ ሰልፌት እንዳትጨምሩ። ሳይኖባክቴሪያ ከሆነ ሴሉ ሲፈነዳ መርዙ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ የተሟሟን መርዝ ደግሞ ማዝቀጥም ማንሳፈፍም የአሸዋ ማጣሪያም አያስቀሩትም። ሴሉ ሳይፈነዳ መወገድ አለበት።

ሌላ መላሽ፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ነገር ግን የጭቃው ወቅት መረሳት የለበትም። ድፍርስነቱ ከ100 ኤንቲዩ (የድፍርስነት መለኪያ አሃድ) በላይ ሲሆን ከባዱን ደለል በአረፋ ማንሣት አይሆንም፤ ስለዚህ ማዝቀጫው እንዳይፈርስ፣ ማንሳፈፊያው ከእሱ ቀጥሎ ይሠራና በጭቃው ወቅት አየሩ ይዘጋ። ከግንባታው በፊትም የውሃ መሳቢያውን አፍ ዝቅ አድርጎ መሞከር ርካሽ ነው፤ ብርሃን በማይደርስበት ጥልቀት አልጌው ይቀንሳል። በጣም ከወረደ ግን ኦክስጅን የሌለበት ውሃ ብረትና ማንጋኒዝ ይዞ ስለሚመጣ፣ በየሜትሩ ናሙና ወስደው ይወስኑ።

ጠያቂ፦
የመሳቢያውን አፍ በዚህ ሳምንት እንሞክራለን። ማንሳፈፉን በትንሹ ለመፈተሽ ለስላሳ መጠጥ የሚሠራበት ጋዝ ያለው ውሃ ወደ ማሰሮው ባፈስስ ይሆናል?

መላሽ፣ የውሃ ማጣሪያ መሐንዲስ፦
አይሆንም። ያ ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ፒኤቹን ያወርዳል፤ ውጤቱ ጥሩ ቢመስል እንኳ ከአረፋው ይሁን ከፒኤቹ አይለዩትም፤ አረፋውም ትልቅ ስለሆነ ፍሎኩን ይሰብራል። ለዚህ ግፊት የተሠራ፣ የግፊት መለኪያና ማስተንፈሻ ያለው ትንሽ ታንክ ይፈልጉ፤ ተራ ጠርሙስ በአየር እንዳይሞሉ፣ ሊፈነዳ ይችላል። ንጹሕ ውሃ በ5 ባር አየር ካጠገቡ በኋላ፣ ፍሎክ ወደ ሠራው 1 ሊትር ውሃ 100 ሚሊ ሊትር ከሥር በኩል በቀስታ ይልቀቁበት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ናሙናውን ከመካከል ይቅዱና፣ ለ30 ደቂቃ ከዘቀጠው ጋር ድፍርስነታቸውን ያወዳድሩ፤ ሙከራውንም ከሰዓት በኋላ በተቀዳ ውሃ ይሥሩት።