ለኤስኬኤስ ጠመንጃ ምን ያህል ዘይት ይበቃል?

የሌሊት ጥበቃ፣ አዳማ
ሰላም ለሁላችሁ። በወንጂ መውጫ በኩል ያለ መጋዘን እጠብቃለሁ። በድርጅቱ ስም የተመዘገበ ኤስኬኤስ ተረክቤያለሁ። ከእኔ በፊት የነበረው ጥበቃ በዘይት አጥምቆት ነው የሄደው፤ ስይዘው እጄ ይረጥባል፣ እንጨቱም አንገቱ ላይ ጠቁሯል። የቀን ተረኛው ጋሼ ደግሞ «መሣሪያ የሚታመነው ደረቅ ሲሆን ነው» ይሉኛል። የአዳማን የበጋ ነፋስ ታውቁታላችሁ፤ ጥበቃ ቤቷ ውስጥ ሻይ እንኳ ሳይከደን አይቀመጥም። ስንት ዘይት ነው የሚበቃው? የሞተር ዘይትስ ይሆናል?

ከሀዋሳ
ወንድሜ፣ እኔ ሐይቁ አጠገብ ነው የምሠራው። እዚህ ጠላታችን እርጥበት ነው፤ ብረቱን ካላበስነው ቶሎ ይዝጋል። ስለዚህ ዘይት አይብዛ የሚሉህን አትስማ፣ በደንብ ቀባው።

ቀለሃት
ክላሽ ያለ ዘይት ሲተኩስ አይቻለሁ። ኤስኬኤስም ያው ነው፣ አትጨነቅ።

የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጡረተኛ
ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት መሣሪያ ስፈታና ስገጥም ነው። ስንት የሚለውን ትተህ የት ብለህ ጠይቅ። ፈተህ ስታየው ቀለሙ ተፍቆ የሚያብለጨልጭ ቦታ አለ። ብረት ከብረት የሚፋተገው እዚያ ነው፤ ዘይት የሚፈልገውም እሱ ብቻ ነው። ቦልቱን፣ ማለትም ጥይቱን ወደ ጉሮሮው ገፍቶ ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ የተሸከመው ክፍል የሚንሸራተትባቸው ሁለቱ ሐዲዶች፣ ቦልቱ ጀርባውን ዝቅ አድርጎ የሚቆለፍበት ቦታ፣ መዶሻው ከምላጩ ጋር የሚያያዝበት ጥርስ። አንድ አንድ ጠብታ አድርገህ በጣትህ አሰራጨው። ሲነካ ጣት ያረጥባል እንጂ ወደታች አይወርድም፤ ልኩ ይኸው ነው።

የባሩዱ ጋዝ የሚገፋው ፒስተንና ቱቦው ግን ደረቅ ይሁኑ። እዚያ የገባ ዘይት በባሩዱ ሙቀት ተቃጥሎ ጥላሸት ይሆናል፣ ፒስተኑን ይይዘዋል። ጥይቱ የሚቀመጥበት ጉሮሮም እንዲሁ ይድረቅ። ዘይት ከነካው ቀለሁ ሲተኮስ ግድግዳውን መያዝ ያቅተውና በቦልቱ ላይ ከልክ ያለፈ ግፊት ይጥላል። ጥይቶቹን ራሳቸውን በፍጹም አትቀባ፤ ዘይት ወደ ካፕሱሉ፣ ከጥይቱ ጀርባ ተመትቶ እሳት ወደሚሰጠው ቦታ፣ ከገባ ጥይቱ ሊከሽፍ ይችላል።

አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝን ልንገርህ። በአብዛኞቹ ኤስኬኤስ ጥይቱን የሚመታው መርፌ ሞላ የለውም፤ ቦልቱ ውስጥ እንዲሁ ወዲያ ወዲህ ይላል። ያረጀ ግሪስ ወይም ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ወደፊት እንደወጣ ካስቀረው፣ ገና ስታቀባብል ምላጩ ሳይነካ ይተኩሳል። ባስ ሲልም ካዝናው ውስጥ ያሉት አሥሩ እስኪያልቁ አይቆምም። አንተ ያልከው ጠመንጃ አፈሙዙ ወደላይ ሆኖ ግድግዳ ተደግፎ ከከረመ፣ ዘይቱ ሁሉ ወደ ቦልቱና ወደ እንጨቱ ወርዷል። እንጨቱ የጠቆረው ለዚህ ነው።

የሀዋሳው ወንድሜ ስለ ዝገት ያለው እውነት ነው፤ ግን ለዝገት ውጩን በዘይት በነካ ጨርቅ ማበስ ይበቃል፣ ውስጡን ማጥለቅለቅ አያስፈልግም። ያለ ዘይት ሲተኩስ ያየኸው ክላሽ ደግሞ ለጥቂት ጊዜ መተኮሱ አይገርምም፤ ብረቱ እየተበላ መሆኑ ግን በዓይን አይታይም። አዳማ ላይ የበዛ ዘይት ከአቧራው ጋር ተቦክቶ እንደ ሞረድ ይፍቃል። የሞተር ዘይት ንጹሑ ይሆናል። የተቃጠለውን ተወው፣ ጥላሸትና የብረት ብናኝ አለበት። የምግብ ዘይትም ሲቆይ ሙጫ ይሆናል። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ካገኘህ ጥሩ ነው፣ ቀጭን ስለሆነ ግን በሙቀት ቶሎ ይደርቃል፤ በየሳምንቱ እየው።

የሌሊት ጥበቃ፣ አዳማ
አባቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ካዝናውን ባዶ አድርጌ፣ ጉሮሮውንም በጣቴ ዳስሼ ቦልቱን አወጣሁት። ነቀነቅኩት፣ ድምፅ የለውም። መርፌው ጫፉ ትንሽ ወደፊት ወጥቶ ቀርቷል።

የመሣሪያ ግምጃ ቤት ጡረተኛ
እንግዲያውስ ዛሬ ጥይት እንዳታጎርስበት! ለኃላፊህ አሁኑኑ ንገረው፣ እስኪስተካከል ሌላ መሣሪያ ይስጡህ። ቦልቱን ብቻውን ነጭ ጋዝ ውስጥ ዘፍዝፈው ይደር። ጠዋት በጨርቅ ጠርገህ ነቅንቀው፤ መርፌው በራሱ ክብደት ወደኋላና ወደፊት እየሄደ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ካላለ መያዣዋን ፒን መትቶ የሚያወጣ ባለሙያ ይፍታው፣ አንተ በሚስማር አትሞክር። ከጸዳ በኋላ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ምንም ዘይት እንዳትጨምር። ነቅንቀህ ያገኘኸውን እዚሁ ጻፍልኝ፣ እጠብቃለሁ።

የሌሊት ጥበቃ፣ አዳማ
ለኃላፊው ደውያለሁ፣ መሣሪያው ተቆልፎበታል። ቦልቱን ዘፍዝፌዋለሁ። ነጭ ጋዙ ከአሁኑ ጠቁሯል።