የተለቀመ አፕል ሳይጨማደድና ሳይበሰብስ እንዲቆይ ምን ላድርግ?

በጋሞ ደጋ፣ በጨንቻ አካባቢ፣ አባቴ ከተከላቸው ዛፎች የምለቅመውን አፕል ገበያው እስኪሻሻል ለማቆየት ሁለት ዓመት ሞክሬ ስላልተሳካልኝ፣ በሥራው ልምድ ያላችሁ ሰዎች እንድትረዱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አብዛኛው ዛፌ «አና» የተባለው ዝርያ ሲሆን፣ ጥቂት «ግራኒ ስሚዝ»ም አለኝ። የተቀጠቀጠውንና የተበሳውን ለይቼ፣ ደህናውን በእንጨት ሳጥን ገለባ ላይ ደርድሬ ጨለማ በሆነ የጭቃ ክፍል ውስጥ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ዓመት ከአርባ ምንጭ የመጣ ሙዝ እዚያው ክፍል ውስጥ እናበስል ነበር፤ የሚበስል ሙዝ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ እንደሚያወጣና አፕሉን እንደሚያስረጀው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው። ዘንድሮ ሙዙን ባወጣም፣ በአምስተኛው ሳምንት «አና» ቆዳው ተጨማዶ ሥጋው እንደ ዱቄት ሆነ፣ «ግራኒ ስሚዝ» ግን ጠንካራ እንደሆነ ቆየ። ልፋታችን እንዲህ ሲባክን ማየት በጣም ያሳዝነኛል።

አፕል ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜና 90 በመቶ ገደማ እርጥበት እንደሚስማማው አውቃለሁ፤ ማቀዝቀዣ ክፍል የመሥራት አቅም ግን የለኝም። ወለሉን ውኃ ባርከፈክፍ ወይም ፍሬውን በተበሳ ፌስታል ብጠቀልል ሻጋታ ሳይፈጠር መጨማደዱን ማስቀረት ይቻላል? የሌሊቱን ብርድ አስገብቶ ቀን መስኮት መዝጋትስ በቂ ይሆናል? ከሁሉም በላይ የቸገረኝ «አና»ን ከሙሉ ብስለቱ ስንት ቀን ቀድሜ ብለቅም ጣዕሙን ሳያጣ እንደሚቆይ መወሰን ነው።