«ፕላስቲክ ሀብት ነው» ተብሎ ተጨበጨበ፤ የማን ሀብት?

የጦሳ ልጅ፦ ሰሞኑን ደሴ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣው ተናጋሪ «ከእንግዲህ ፕላስቲክ ቆሻሻ አይደለም፣ ሀብት ነው፤ በኤሌክትሪክ ወደ ውድ ኬሚካል እንለውጠዋለን» አለ። አዳራሹም አጨበጨበ። እኔ አንጀቴ አረረ። ክረምት ሲገባ ከፒያሳ ወደ ታች ውረዱና ቦዩን እዩት፤ ፌስታል አፉን ይደፍነውና ጎርፉ ሱቅ ድረስ ይገባል። ቦይ ማስጠረግ ሳንችል ስለ ኬሚካል ይወራልናል!

ኮምቦልቼዋ፦ ወንድሜ፣ ንዴትህ ይገባኛል፤ ግን ሰውየው አልዋሸም። የተማርኩት ኬሚስትሪ ነው። ሃይላንዱ ተፈጭቶ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ (ሳሙና በሚሠራበት ኃይለኛ ኬሚካል) ሲቀቀል ለሁለት ይፈርሳል፦ ቴሬፍታሊክ አሲድና ኤትሊን ግላይኮል። ኤሌክትሪኩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግላይኮሉ በአንዱ ኤሌክትሮድ (ኤሌክትሪኩ በሚያልፍበት ዘንግ) ላይ ፎርሜት ወደሚባል የፎርሚክ አሲድ ጨው ይለወጣል፣ በሌላው ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ያውም ውሃን ብቻ ለመሰንጠቅ ከሚጠይቀው ባነሰ ቮልቴጅ። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱን አሳትመዋል። ከፎርሜቱ የሚገኘው ፎርሚክ አሲድ ደግሞ ቆዳ ፋብሪካ የሚገዛው ነገር ነው፤ ለኮምቦልቻ ባዕድ አይደለም።

የጦሳ ልጅ፦ አንቺ የምታወሪው ስለ ሃይላንድ ነው። ፌስታሉስ?

ኮምቦልቼዋ፦ ፌስታል ፖሊኤትሊን ነው፤ ካርቦን ከካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘበት ሰንሰለት ስለሆነ ሶዳው የሚይዝበት ቦታ የለውም። በዚህ ዘዴ አይፈርስም።

የጦሳ ልጅ፦ እንግዲያውስ ለምን «ፕላስቲክ» ብሎ ጠቅልሎ ተናገረ? ቦዩን የሚደፍነው ፌስታሉ ነው። ሃይላንዱንማ ሰው ጠጥቶ ሳይጨርስ የሚጠብቁት ልጆች አሉ።

የወሎ መሐንዲስ፦ ፌስታሉንማ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ከልክሎታል እኮ። ሁሉንም ነገር በአንድ ማሽን ካልፈታችሁ አትበሉ።

የጦሳ ልጅ፦ በ1999 የወጣው አዋጅ 513ም ቀጫጭኑን ፌስታል ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ?

ከሰኞ ገበያ፦ ስለ ሕጉ ሌላ ቀን ተጨቃጨቁ። እኔን ያንገበገበኝ «ሀብት ነው» ያለው ነው። ጎረቤቴ ልጆቿን የምታሳድገው ሃይላንድ ለቅማ ነው። ማታ ማታ በራፏ ላይ ቁጭ ብላ ክዳኑን ትፈታለች፣ ዙሪያውን ያለውን ቀለበት በቢላ ትቆርጣለች፣ የተለጠፈውን ትልጣለች፣ ከዚያ በእግሯ ጨፍልቃ ማዳበሪያ ውስጥ ትከታለች። ክዳን የቀላቀለች እንደሆነ ነጋዴው ኪሎውን ይቀንስባታል። ሀብት መሆኑንማ ከማንም በፊት የምታውቀው እሷ ናት! አሁን ከላይ «ሀብት» ሲባል ማኅበር ይደራጃል፣ ፈቃድ ይወጣል፣ እሷ «ሕገ ወጥ ሰብሳቢ» ተብላ ትባረራለች።

የወሎ መሐንዲስ፦ እህቴ፣ ገና ያልተተከለ ፋብሪካ ማንንም አላባረረም። ይልቅ ገበያዋ ይሰፋል። ስሌቱን እዩት፦ ከ1 ኪሎ ሃይላንድ 860 ግራም ገደማ ቴሬፍታሊክ አሲድ፣ በዚያ ላይ 320 ግራም ገደማ ኤትሊን ግላይኮል። አሲዱ የፖሊስተር ጨርቅ ጥሬ ዕቃ ነው። ሰው ባገሩ ልጅ እውቀት እንዴት አይኮራም? ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ተዘርፎ ባዶ ቤት ቀርቶ ነበር፤ ከዚያ የተነሳን ተቋም ማበረታታት ሲገባ!

ከሰኞ ገበያ፦ ዩኒቨርሲቲውን ማን ነካው? ደግሞ 860 እና 320 ሲደመር 1180 ነው። ከ1 ኪሎ ላይ 180 ግራም ትርፍ ከየት መጣ? በእንዲህ ያለ ቁጥር ነው አዳራሽ የሚጨበጨበው።

ኮምቦልቼዋ፦ ቁጥሩ ልክ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ውሃ በየቦታው ይገባበታል፤ 180 ግራሙ ውሃ ነው። ግን ያ ምንም ሳይባክን የሚገኘው ጣሪያ ነው፤ በተግባር ያንሳል።

ከሰኞ ገበያ፦ እሺ፣ ውሃውን ተቀበልኩ። ስለ ሴትየዋ ግን ማንም አልመለሰልኝም።

አባ ጨፋ፦ ልጆቼ፣ አላህ ይባርካችሁ። እኔ የምኖረው ከእናንተ ታች ነው። የደሴም የኮምቦልቻም እጣቢ በቦርከና ተጭኖ የሚመጣው ወደ እኛ፣ ወደ ጨፋ ነው። ከብቱ የሚጠጣው እሱን ነው። ሶዳው ቀቅሎ ሲጨርስ የት ይደፋል?

የወሎ መሐንዲስ፦ አባቴ፣ አብሽሩ፤ አይደፋም። በአሲድ ኃይሉ ይመክናል።

ኮምቦልቼዋ፦ መሐንዲስ፣ ለአባታችን ሙሉውን እንንገራቸው። ለ1 ኪሎ ሃይላንድ ቢያንስ 400 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይገባል። ቴሬፍታሊክ አሲዱን መልሶ ለማውጣት ሰልፈሪክ አሲድ ከተጠቀምን ደግሞ 740 ግራም ገደማ ሶዲየም ሰልፌት ይቀራል፤ ጨው ነው። ቻይናዎቹ በዚህ ፋንታ ፎርሚክ አሲድ ተጠቅመው የሚሸጥ ጨው አውጥተዋል። ስለዚህ መንገድ አለው፤ ግን በነጻ አይደለም።

አባ ጨፋ፦ ከ1 ኪሎ ጠርሙስ 740 ግራም ጨው! ወላሂ ይህን በዚያ አዳራሽ የነገራቸው የለም።

የወሎ መሐንዲስ፦ አባቴ፣ ሶዲየም ሰልፌት እኮ የዱቄት ሳሙና ፋብሪካ የሚገዛው ነው። መርዝ አይደለም።

አባ ጨፋ፦ ልጄ፣ ማን ጭኖ ሳሙና ፋብሪካ ያደርሰዋል? ለነዳጅ ከሚያወጣ ወንዙ ቅርብ ነው። ከዚህ ቀደምም ስለ አንዱ ፋብሪካ «ማጣሪያ አለው» ተብለን ዝም አልን፤ ሌሊት ሌሊት ወንዙ ቀለሙን ቀይሮ ሲያድር በዓይናችን አይተናል።

የጦሳ ልጅ፦ አባ ጨፋ፣ እድሜ ይስጥዎ! እኔ ከመጀመሪያው ይህን ነው የምለው።

ኮምቦልቼዋ፦ አይ፣ አንተ ስለ ቦይ ነው የተነሳኸው። አባታችን የጠየቁት ስለ ጨው ነው፤ ለእሱ መልስ አለው፤ ውሃው ተንኖ ጨው ይለያል። ኃይል ይበላል እንጂ ይቻላል።

የጦሳ ልጅ፦ በየትኛው መብራት? ትናንት እንኳ ማታ ሙሉ ጨለማ ነበርን።

የወሎ መሐንዲስ፦ ይኸው! መብራት የለም፣ ማጣሪያ የለም፣ ስለዚህ ምንም አይጀመር። እንዲህ ብንል ኖሮ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ፋብሪካ አይቆምም ነበር። የስንት ወሎዬ እንጀራ እንደሆነ አስቡት።

አባ ጨፋ፦ እንጀራውን አልጠላሁም፤ የኔም ልጅ የሚሠራው እዚያው ነው። ግን እዚያ ሠርቶ ደሞዙን ይዞ ሲመጣ እዚህ ላሚቱ ሞታ ከጠበቀችው ምን አተረፍኩ?

ከሰኞ ገበያ፦ የሰብሳቢዋንም ጉዳይ ጨምሩበት። መሐንዲስ፣ አሁንም እየጠበቅሁ ነው፦ ፋብሪካው ከእሷ ይገዛል ወይስ ፈቃድ ካለው ብቻ?

የወሎ መሐንዲስ፦ በማኅበር ትደራጅና ትሸጥ። ምን ችግር አለው?

ከሰኞ ገበያ፦ መታወቂያ የላትም እኮ! ከገጠር ተፈናቅላ የመጣች ናት።