ለዒላማ የምሞላው የ.38 ስፔሻል ጥይት ወረቀቱ ላይ ተበታትኖ ይመታብኛል

ለወረቀት ዒላማ የሚሆን ጥይት በራሴ ነው የምሞላው። መሣሪያዬ ባለ 6 ጎራሽ ሪቮልቨር፣ ርቀቱ 25 ሜትር ነው። አረሩ 148 ግሬን (የአረርና የባሩድ ክብደት መለኪያ) የሚመዝን ጠፍጣፋ አፍንጫ ያለው ዋድከተር፣ እርሳስ ብቻ፣ ውፍረቱ 0.358 ኢንች። ቀለሆቹ የአንድ ፋብሪካ ናቸው።

የጀመርኩት ከባሩዱ አምራች ሰንጠረዥ ዝቅተኛ መጠን ነው። ቀለሁ ሰፊ፣ ባሩዱ ጥቂት ስለሆነ ውስጡ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ አፈሙዙን ዝቅ አድርጌ አንስቼ ስተኩስና ሽቅብ ይዤ ወደ ዒላማው ሳወርድ ፍጥነቱ በግልጽ ይለያያል። ከሰንጠረዡ ጣሪያ ሳላልፍ ቀስ በቀስ ስጨምር ፍጥነቱ ተስተካከለ። ግን የበርሜሉ መግቢያ ላይ፣ ከጎራሹ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ፣ እርሳስ መለጠፍ ጀመረ፤ ወረቀቱ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም የባሰ ተራራቁ። የቀለሁን አፍ ጠበቅ አድርጌ ሞከርኩ፣ ለውጥ የለም።

አንድ ነገር ግን ያጠራጥረኛል፦ አረሩን በባዶው ጎራሽ የፊት ቀዳዳ ስከተው ጣቴ ሳይገፋው በራሱ ክብደት ሾልኮ ይወድቃል።

ሁለቱን በአንዴ ብለውጥ የትኛው እንደሠራ አላውቅም። ታዲያ መጀመሪያ አረሩን ወደ 0.359 ላወፍር ወይስ ቀለሁን ይበልጥ የሚሞላ ባሩድ ከነሰንጠረዡ ልፈልግ?