ፏፏቴ «ክፉኛ» ያምራል እንዴ?

የቢቸና ልጅ፦ ዛሬ ጠዋት ሬዲዮ ላይ አንዷ ጋዜጠኛ «ጢስ ዓባይ በክረምት ክፉኛ ያምራል» ስትል ሰማሁ። ክፉኛ የሚታመም፣ ክፉኛ የሚቆስል አለ። ፏፏቴው ምን ሆነና? አማርኛን እንዲህ ማበላሸቱን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ደጀን ማዶ፦ ምኑን ነው ያጠበቅኸው? መጫኛ ነው?

የቢቸና ልጅ፦ ቀልዱን ተወውና! «አጥብቄ» ማለት በጣም ማለት እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል።

ደጀን ማዶ፦ ይኸው! ገመድ የሚጠብቅበት ቃል ላንተ «በጣም» ሲሆን ደግ ነው። የሷ «ክፉኛ» «በጣም» ሲሆን ነውር።

የቡሬዋ፦ በኃይል ተስማምቻለሁ። ጉልበት ግን አላወጣሁም፣ ሃሃሃ።

ዋሸራ ነኝ፦ ቆይ እንጂ፣ ልዩነት አለው። ማጥበቅም ኃይልም በራሳቸው ክፉም ደግም አይደሉም። «ክፉኛ» ግን ክፋቱን ተሸክሞ ነው የሚዞረው። ከበጎ ነገር ጋር ሲገጥም ጆሮ ይጎረብጣል።

የቡሬዋ፦ ጋሼ፣ «ክፉኛ ወደዳት» ሲባልስ ለምን አልጎረበጠዎትም?

ዋሸራ ነኝ፦ ሲወድ ይታመማላ! ፏፏቴ አይታመምም።

የቡሬዋ፦ «አለቅጥ ጣፈጠ»ስ? ቅጥ ያጣ ወጥ ነው የበላነው?

ባሕር ዳር፦ እንግሊዞቹ «በጣም» የሚሉበት «ቬሪ» ከፈረንሳይኛ ሲመጣ «እውነተኛ» ማለት ነበር። «ቴሪብሊ»ም ከሽብር ተነሥቶ ዛሬ በጣም ደስ የሚለውን «ቴሪብሊ ናይስ» ይላሉ። ቋንቋቸው አልሞተም።

የቢቸና ልጅ፦ እንግሊዝን ማን ጠራው? በእውነቱ እኔ የማወራው ስለ አማርኛ ነው።

ደጀን ማዶ፦ «በእውነቱ»? ቅድም ያወራኸው ውሸት ነበር?

የቢቸና ልጅ፦ ካንተ ጋር ማውራት ድካም ነው።

ባሕር ዳር፦ የቅኔው ደብር ዲማ ጊዮርጊስ ደጃፍህ ላይ እያለ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ቢይዝ ምን ያስደነግጥሃል? ሰምና ወርቅ አልሰማህም?

ዋሸራ ነኝ፦ ቅኔን እዚህ አታግባ። በቅኔ ሰሙም ወርቁም አብረው ይሰማሉ። «አጥብቄ» ስትል ግን መጫኛው የሚታየው ማን ነው? ሰሙ ቀልጦ አልቋል።

ደጀን ማዶ፦ እኛስ ምን አልን? «ክፉኛ»ም እየቀለጠ ነው።

ዋሸራ ነኝ፦ ገና ነው። ገና!

የቢቸና ልጅ፦ ደግሞ ዲማን አትንኩብኝ።

ዋሸራ ነኝ፦ ማን ነካው? ለነገሩ ቅኔ የሚሻ ሰው ወደ ዋሸራ ነው የሚመጣ።

የቢቸና ልጅ፦ ጀመረ ደግሞ ይሄ!

የቡሬዋ፦ ኧረ ተዉ፣ ይልቅ ልጠይቅ፤ ጋዜጠኛዋ ፏፏቴውን በበጋ አይታው ታውቃለች? ውሃው ለመብራት ማመንጫው ሲጠለፍ እኮ ድንጋዩ ነው የሚቀር።

ባሕር ዳር፦ በክረምት ነው ያለችው፣ አንብቢ እንጂ።