ክርክር፦ ማርሴይን የሚጎዳው አሰልጣኙ ነው ወይስ አለቃው?

ነጭ ሰማያዊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ግሩፓችን ላይ አንድ ልጅ ስለ ፈረንሳዩ ክለባችን «ማርሴይ አሰልጣኝ መምረጥ አያውቅበትም» ብሎ ጽፎ ብዙ ሰው ተስማማ። እኔ በፍጹም አልስማማም፤ ለዚህ ነው ለብቻው የከፈትኩት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አሰልጣኞቹን እንይ። ኤሊ ቦፕ በ2012-13 በሊጉ ሁለተኛ ወጣ። ቪላስ ቦአስ በ2019-20 ሁለተኛ። ሳምፓዮሊ በ2021-22 ሁለተኛ። ዴ ዘርቢ በ2024-25 ሁለተኛ። አራቱም በባህሪም በአጨዋወትም አይገናኙም፤ አራቱም ደግሞ ይህን ያደረጉት በመጀመሪያ ሙሉ የውድድር ዓመታቸው ነው። መምረጥ የማያውቅ ክለብ አራት ጊዜ እንዲህ አይሳካለትም።

ችግሩ ሁለተኛው ዓመት ነው። ቦፕ በቀጣዩ ዓመት የሊጉ አጋማሽ ሳይደርስ ተሰናበተ። ቪላስ ቦአስ እሱ ያልፈለገውን ኦሊቪየ ንቻምን ክለቡ ከሴልቲክ ሲያመጣበት መልቀቂያ አስገባ፣ ክለቡም አገደው። ሳምፓዮሊ ቡድኑን ሻምፒዮንስ ሊግ አስገብቶ፣ በዝውውሩ ጉዳይ ከአመራሩ ጋር ሳይግባባ ቀርቶ፣ ሊጉ ሳይጀመር ሄደ። ሰው ይመርጣሉ፣ ሰውየው ይሠራል፣ ከዚያ የሠራበትን ነገር ያፈርሱበታል።

ታክቲክ፦
ወንድሜ፣ ከጻፍከው ውስጥ እኮ ግማሹ በራሱ ፈቃድ የሄደ ነው። ቱዶርም በ2023 ሦስተኛ ወጥቶ ራሱ ነው የሄደው። ቢዬልሳን ደግሞ ዘለልከው። በ2014 የሊጉን የመጀመሪያ ዙር በአንደኝነት ጨረሰ፣ መጨረሻ ላይ አራተኛ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያውን ጨዋታ በሜዳው በካን 1 ለ 0 ተሸንፎ፣ ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ተቀምጦ «ለቅቄያለሁ» አለ። አንድ ጨዋታ! ይህን የሚያደርግ ሰው መቅጠር የምርጫ ስህተት ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

ማርሴይ ግለት ያለው፣ ከመስመሩ ዳር የሚጮህ፣ ስታዲየሙን የሚያስነሳ ሰው ይፈልጋል። ቢዬልሳ፣ ሳምፓዮሊ፣ ቱዶር፣ ጋቱሶ፣ ዴ ዘርቢ። ስታዲየማችን ቬሎድሮም 67 ሺህ ሰው ይይዛል፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ደግሞ ዝም ያለ አሰልጣኝ አይወድም። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ሲናደድ ጥሎ ይሄዳል። ይሄ አስቀድሞ የሚታወቅ ነገር ነው።

ነጭ ሰማያዊ፦
ቢዬልሳን ያነሳኸው ጥሩ ነው። በዚያ ክረምት ምን እንደሆነ እናስታውስ። ፓዬ ለዌስትሃም ተሸጠ። ኢምቡላ ለፖርቶ ተሸጠ። ዢኛክና አንድሬ አዩ ኮንትራታቸው አልቆ በነጻ ሄዱ፤ ከእነሱ ክለቡ አንዲት ሳንቲም አላገኘም። ሰውየው ከለቀቀ በኋላ ደግሞ ቶቫን ወደ ኒውካስል። አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ የተሠራ የፊት መስመር በአንድ ክረምት ተበተነ። በዚያ ላይ ስለ ኮንትራቱ የተስማማበት ነገር መጨረሻ ላይ እንደተቀየረበት ራሱ ተናግሯል። አለቃቀቁን አልወደድኩትም፣ ለተጫዋቾቹ ከባድ ነው። ግን «በአንድ ጨዋታ ሄደ» ማለት ታሪኩን መቁረጥ ነው።

የድሮ ደጋፊ፦
ልጆች፣ ሁለታችሁም የያኔውን የክለቡን ባለቤት የታፒን ዘመን ረሳችሁት። አሰልጣኝ መለዋወጥ ማርሴይን የሚጎዳ ቢሆን ኖሮ የ1993ቱ የሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አይመጣም ነበር። ዤራር ዢሊ በ1989 ሊጉንም የፈረንሳይን ዋንጫም ወሰደ፣ በ1990 ሊጉን ደገመው፣ ከዚያ ተነሳ። በምትኩ ቤከንባወር መጣ፤ ከምዕራብ ጀርመን ጋር የዓለም ዋንጫ ባነሳ በወራት ውስጥ! እሱም ዓመቱን አልጨረሰም፣ ቤልጂጋዊው ሬይሞን ጎታልስ ተካው። በቀጣዩ ዓመት ቶሚስላቭ ኢቪች ጀመረ፣ ጎታልስ ጨረሰ። በሚቀጥለው ዣን ፈርናንዴዝ ጀመረ፣ አሁንም ጎታልስ ጨረሰ። መጨረሻው ሙኒክ ላይ በባዚል ቦሊ ጭንቅላት ሚላንን 1 ለ 0። ሦስት ዓመት በተከታታይ በመሃል አሰልጣኝ ተቀይሮ ማለት ነው።

ታፒ ሲያሰናብትም ሲቀጥርም የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። የቫለንሲየኑን ጨዋታ የማጭበርበር ጉዳይ ግን አልደብቅም። የ1993ቱ የሊጉ ሻምፒዮንነት ተነጠቀ፣ በ1994 ክለቡ ወደ ሁለተኛው ሊግ ወረደ፣ ይህ እስከ ዛሬ የሚያመኝ ነገር ነው።

ነጭ ሰማያዊ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያነሱት ነገር እኔን ነው የሚደግፈኝ። በዚያ ዘመን አሰልጣኙ ይቀየር ነበር፣ ቡድኑ ግን አይበተንም። አጥቂው ዣን ፒየር ፓፓን ከ1986 እስከ 1992 ነበረ። ሞዘርና ዋድል ሦስት ሦስት ዓመት ቆዩ። አሞሮስ ከ1989 እስከ 1993። ጎታልስ ተመልሶ ሲመጣ የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ነበር የሚያገኘው። አሁን ግን አሰልጣኙ ሲሄድ ተጫዋቹም አብሮ ይሄዳል፣ የሚመጣው ሰው ከዜሮ ይጀምራል፣ ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ ደግሞ «ምርጫው ስህተት ነበር» ይባላል።

ኩርቫ፦
ሁላችሁም ደጋፊውን ዘላችሁት። በሴፕቴምበር 2023 የደጋፊ ማኅበራቱ መሪዎች ከአመራሩ ጋር ስብሰባ ተቀመጡ፣ ስብሰባው በዛቻ ተጠናቀቀ ተባለ፣ በሁለተኛው ቀን አሰልጣኙ ማርሴሊኖ ሄደ። ከፓናቲናይኮስ ጋር በመለያ ምት ተሸንፎ ሻምፒዮንስ ሊግ አልገባም፣ እሺ። ግን በሊጉ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈም ነበር! እኔ ክለቡን ከልቤ እወደዋለሁ፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ግን ልከላከልለት አልችልም። ሰላም ያለው አሰልጣኝ ማን ይመጣል ከዚህ በኋላ?

ታክቲክ፦
ትክክል። ኦሴርን እዩ። ጊ ሩ ከ1961 እስከ 2005 ድረስ፣ መሃል ላይ ጥቂት ዕረፍት ወስዶ፣ ያንኑ ክለብ አሠለጠነ። ከታችኛው ዲቪዚዮን አንስቶ በ1996 ሊጉንም የፈረንሳይን ዋንጫም በአንድ ዓመት ወሰደ። ትዕግሥት እንዲህ ነው የሚከፍለው።

ነጭ ሰማያዊ፦
ኦሴር ትንሽ ከተማ ናት፤ ሕዝቧ በሙሉ ቬሎድሮም ቢገባ ግማሹ ወንበር ባዶ ይቀራል። እዚያ ጊ ሩ ራሱ ክለቡ ነበር። ማርሴይ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር መጠበቅ አይቻልም፣ አያስፈልግምም።

ኩርቫ፣ ያልከውን እቀበላለሁ፤ ዛቻን ማንም ሊደግፍ አይገባም። ግን ከዚያ በፊት ጃንዋሪ 2021 ላይ የልምምድ ማዕከሉ የተጠቃውና የሬንስ ጨዋታ የተራዘመው በዋናነት በፕሬዝዳንቱ በኤይሮ ላይ በነበረ ቁጣ ነው። ደጋፊው በዚያ ቀን ያደረገው ስህተት ነው፣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ግን ለይቶ አውቆ ነበር።

የድሮ ደጋፊ፦
ዴሾን ምን ልታደርገው ነው? ከ2009 እስከ 2012 ቆየ፣ ከ18 ዓመት በኋላ ሊጉን አመጣ፣ የሊግ ካፑን ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ወሰደ። በዚያ ዘመንም ክለቡ ሰላም አልነበረውም፣ እሱና የክለቡ ስፖርት ዳይሬክተር ሆሴ አኒጎ አይግባቡም ነበር። ጎበዝ አሰልጣኝ በመጥፎ ክለብም ያሸንፋል።

ነጭ ሰማያዊ፦
ያሸንፋል ጋሼ፣ ግን አይቆይም። ዴሾ በሦስተኛው ዓመት ሊጉን አሥረኛ ሆኖ ነው የጨረሰው፣ ያውም ቡድኑ ሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ በደረሰበት ዓመት። ከአኒጎ ጋር የነበረውን ጸብ ከላይ ሆኖ የሚያቆም ሰው ጠፋ። ከዚያ ወዲህ እስከ 2025 ድረስ አንድ ዋንጫ አልመጣም።

ታክቲክ፦
እሺ፣ አለቃው ነው ካልክ ስም ጥራ። ማክኮርት ክለቡን የገዛው በ2016 ነው። ገንዘብ አውጥቷል። በእሱ ዘመን አንድ አሰልጣኝ ጊዜ ተሰጥቶት የተሳካለት አሳየኝ።

ነጭ ሰማያዊ፦
ሩዲ ጋርሲያ። በኦክቶበር 2016 መጣ፣ በመጀመሪያው ዓመት አምስተኛ ወጣ፣ ማንም አልነካውም። በሁለተኛው ዓመት 77 ነጥብ ሰብስቦ በአንድ ነጥብ ብቻ ሦስተኝነትን ለሊዮን ለቀቀ፣ ዩሮፓ ሊግ ደግሞ ፍጻሜ ደርሶ በአትሌቲኮ ማድሪድ 3 ለ 0 ተሸነፈ። ከእሱ በኋላ ስንቱ አሰልጣኝ መጣና ሄደ፤ ከእነዚያ ውስጥ እስከ 2025 ድረስ ሁለት ሙሉ የውድድር ዓመት የጨረሰ አንድ ሰው አምጣልኝ።